ለ«ገበያተኛው» ኮምፒውተር የእሑድ ተራ ይሰጠው ዘንድ

ቀን፦ ኅዳር 21

ለማሠልጠኛ ማዕከሉ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በማዕከሉ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ፕሮግራሞቻቸውንና ማሻሻያዎቻቸውን ከአንድ ምንጭ በእኩል እንዲያገኙ፣ ለዚሁ ሥራ ተዘጋጅቶ የነበረውና የታገደው ኮምፒውተር ተመልሶ እንዲከፈት፣ በኢንተርኔት ተራ ውስጥም የእሑድ ቀን እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ትናንት ማታ በሰላም ዘግተውት የሄዱት ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት ሲከፍቱት ምን ነክቶት ነው ፊቱን የሚያዞርብዎት? እርስዎም አንድ ቀን ይህንኑ ጠይቀው እንደሚያውቁ እገምታለሁ። እኔ በማዕከሉ በሙከራ ቅጥር ላይ ያለሁ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ስለሆንኩ ጥያቄው የሚደርሰኝ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ «ምን ነካው?» ብሎ ሳይጨርስ «ወይስ አንቺ ነክተሽው ነው?» ይለኛል።

እኔ አልነካሁትም። ማን እንደነካው ግን አውቃለሁ፤ በዚህ አቤቱታ የማስረዳውም እሱን ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር የሆነው አባቴ «ጎዳናና ማመልከቻ ሲረዝም ተሳፋሪ ይተኛል» ስለሚለኝ በተቻለኝ መጠን አሳጥራለሁ።

1. እያንዳንዱ ኮምፒውተር በሆዱ አንድ የአድራሻ ዝርዝር ይዟል። ዝርዝሩ «ፕሮግራም ወይም ማሻሻያ ሲያስፈልግህ ከዚህ ቦታ አምጣ» የሚል ነው። በእኛ ማዕከል ከእኔ በፊት የነበሩት ባለሙያዎች በየጊዜያቸው የመሰላቸውን አድራሻ እያስገቡ አልፈዋል። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር ከአንድ ቦታ ያመጣል፣ ጎረቤቱ ከሌላ ቦታ ያመጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ ባለቤቱ ከለቀቀ የቆየ ቤት ደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ኬብል ታስረው፣ ሦስቱም የተለያየ ዘመን ይኖራሉ።

2. የኢንተርኔት መስመራችን ቀጭን መሆኑን ማንም ያውቃል። ሁሉም ባንዴ ሲስበው ለማንም ስለማይደርስ፣ ክፍሎች ማሻሻያ የሚያወርዱበት ተራ ወጥቶላቸው ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል፦ ሰኞ ሂሳብ፣ ማክሰኞ መዝገብ ቤት፣ ረቡዕ ንብረት፣ ሐሙስ ሥልጠና፣ ዓርብ አስተዳደር። ተራው በደንብ ይከበራል። የሰው ተራ የነካ ሰው እስከ ወር መጨረሻ ሰላምታ አያገኝም።

3. እኔ በተቀጠርኩ ሰሞን ከደረጃው ሥር፣ እግራቸው ከተሰበረ ወንበሮች ጋር የተጣለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁ። የጎን ክዳኑ የለም፤ ልቡ ግን ጤነኛ ነው። በቅርብ አለቃዬ ፈቃድ አቧራውን አራግፌ፣ ሰፊ ዲስክ ገጥሜ፣ አንድ ሥራ ብቻ ሰጠሁት፦ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ አንድ ጊዜ አውርዶ ማስቀመጥ። ከዚያ የሌሎቹን ኮምፒውተሮች የአድራሻ ዝርዝር አንድ ዓይነት አድርጌ ሁሉም ወደ እሱ እንዲመጡ አዘዝኳቸው። የሕንፃው የውስጥ ኬብል ፈጣን ስለሆነ ከውጭ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ነገር ከውስጥ ወዲያው ይደርሳል። የበለጠ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ሁሉም የሚያገኘው ያንኑ፣ እኩል፣ በአንድ ዕድሜ ላይ ያለውን ነው። በአንድ ቤት ስድስት ሰው ቢኖር ስድስቱም ቅርጫት አንጠልጥለው ለየብቻ ገበያ አይወጡም፤ አንዱ ሄዶ ለሁሉም ይሸምታል። ይህን ለጸሐፊያችን ሳስረዳ «እንግዲያው ስሙ ገበያተኛው ይሁን» አለች፤ ስሙ በዚያው ጸና።

4. ገበያተኛው ሥራ ላይ በቆየባቸው ሳምንታት የጥገና ጥሪ ቀንሶ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ ፈትቼ ነበር። የተመሰገንኩት ግን ከአንድ ክፍል ብቻ ነው። እሱም ሰዉ ሁሉ «የሚናገረው ክፍል» የሚለው፣ ዓይነ ስውራን ሠልጣኞች የሚማሩበት ክፍል ነው። እዚያ ያሉት አሥር ኮምፒውተሮች ስክሪናቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብለው ያነባሉ። ሠልጣኞቹ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ቁልፍ እየመቱ ሲሠሩ ክፍሉ ፀጥ ያለ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ላዳመጠ ግን አሥር ሰው በሹክሹክታ የሚተማማበት ቤት ነው።

ጽሑፉን የሚያነበው ፕሮግራም (አንባቢው) እና የሚናገርበት ድምፅ ለየብቻ የሚወርዱ ሁለት ጥቅሎች መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ እወዳለሁ። አንዱ ታድሶ ሌላው አሮጌ ሆኖ ከቀረ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ይሆናሉ። አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ቃል አይለዋወጡም።

5. አሁን ወደ እገዳው እመጣለሁ። የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋን፣ እኛ በአክብሮትም በፍቅርም እትዬ ሂሳብ የምንላቸውን፣ እርስዎም በደንብ ያውቋቸዋል። አንድ ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ተራቸው ደርሶ ማሻሻያ ሊያወርዱ ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። የሹራባቸውን ቁልፍ ሳይፈቱ ማሽኑ ጨረስኩ አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ «ዛሬ ሰኞ ነው፣ እያወረድን ነው» እየተባለ የሚከበር፣ ወረቀት የሚደረደርበት፣ የሳምንቱ ወሬ የሚጣራበት ቀን ነበራቸው። በዚያ ጠዋት ያ ቀን ድንገት ጠፋባቸው። ወደ ኮሪደሩ ወጥተው «ሰኞዬን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስ ስላልነበረ ጥያቄው ወደ አስተዳደር ሄደ፤ ከአስተዳደርም «ጥናት እስኪደረግ ገበያተኛው ይዘጋ፣ ሁሉም ክፍል እንደ ቀድሞው በተራው ከውጭ ያውርድ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ተመለሰ።

ይህንን አንቀጽ ለራሳቸው ለእትዬ ሂሳብ አንብቤላቸዋለሁ። «እውነት ነው፤ ወሬውን ግን ትንሽ አሳንሺው» ብለውኛል። አሳንሼዋለሁ።

6. ትእዛዙ በሌሎች ክፍሎች ላይ ያመጣው ችግር የሚቻል ነው። የሚናገረው ክፍል ግን ሌላ ነው። እዚያ ያሉት አሥሩ ኮምፒውተሮች ከየክፍሉ ተዋጥተው የመጡ ናቸው፤ የየባለቤታቸው ክፍል ስም ዛሬም ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። ንብረትነታቸው የለጋሹ ስለሆነ ተራቸውም የለጋሹ ቀን ነው። ሰኞ ከሂሳብ ሰው መጥቶ የሂሳቦቹን ያድሳል፤ ማክሰኞ መዝገብ ቤት ለራሱ ይመጣል። የረቡዕ ተራ ሳያልቅ መስመሩ ስለሚደክም የንብረት ማሽኖች አንባቢው ደርሷቸው ድምፁ መንገድ ላይ ይቀራል። በፍላሽ እያመላለስኩ ላስማማቸው ሞክሬ ነበር። ሐሙስ ያስታረቅኋቸውን ሰኞ ያፋታቸዋል።

ውጤቱ ይህ ነው፦ ከሂሳብ የመጡት ይናገራሉ፣ ከመዝገብ ቤት የመጡት ያጉረመርማሉ፣ ከንብረት የመጡት ጭጭ። ከሠልጣኞቹ መካከል ክርክር ስለሚወድ ጠበቃው የሚባል ጎልማሳ አለ። ምክንያቱን ሳስረዳው እስከ መጨረሻው አዳምጦኝ «እኔ ማየት የተሳነኝ አንሶ ኮምፒውተሬ ደግሞ መናገር ይሳነው?» አለኝ። ይግባኝ የሚባልበት ቦታ ካለ እንድነግረውም ጠየቀኝ። ይኸው፣ ክቡር ኃላፊ፣ ይግባኙ በእኔ እጅ መጥቷል።

7. ነገሩ ከቀልድ ያለፈው ባለፈው ሳምንት በሙከራ ፈተናው ላይ ነው። እንደሚያውቁት በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ፈታኞች ከውጭ ይመጣሉ። ሠልጣኞች የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር በዕጣ ያወጣሉ፤ ይህም መተጋገዝ እንዳይኖር ነው። ፈተናውን ያለፉት በስልክ መልስ ሰጪነት ሥራ ይጠብቃቸዋል። ከመካከላቸው አንዷ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሹራብ ሠርታ በመሸጥ ስለምትተዳደር ሹራብ ሠሪዋ እንላታለን። በክፍሉ ከእሷ የፈጠነ ጣት የለም፤ በመርፌ የሠለጠነ እጅ ቁልፍ አይከብደውም። ልጆቿን «እናታችሁ ቢሮ ልትገባ ነው» ብላ ነግራቸዋለች። ትልቁ ልጅም ለመምህሩ ነግሮ አዳርሷል።

በሙከራ ፈተናው ዕለት ዕጣ አውጥታ የንብረት ክፍል ስም የተለጠፈበት ማሽን ደረሳት። ተቀመጠች፣ ማዳመጫዋን አደረገች፣ እጆቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ማንንም አልጠራችም። ሰዓቱ አልቆ አሠልጣኛቸው ትከሻዋን ሲነካት እጆቿ እንደዚያው ነበሩ፤ አንድ ፊደል አልተጻፈም። ለምን እንዳልተናገረች ስትጠየቅ እንዲህ አለች፦

«እኔማ የሚፈተነው ትዕግሥቴ መስሎኝ ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቁ የት እንደገባ አላውቅም።

8. በዚያ ቀን የገበያተኛውን ኬብል መልሼ ልሰካው እጄን በልቶኝ ነበር። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም አያየኝም። ነገር ግን በድብቅ የተሰካ ነገር በድብቅ ይነቀላል። የሙከራ ጊዜዬም እንዳላለቀ አልዘነጋሁም። እቤት ገብቼ እየተብሰለሰልኩ ለአባቴ ስነግረው መጀመሪያ ያለኝ «በሙከራ ላይ ያለ ሹፌር ጥሩምባ አያበዛም» ነው። ቆይቶ ግን ሰልፍ አይቶ የኖረ ሰው ስለሆነ ሌላ ነገር ጨመረልኝ፦ «ተራሽን ሊወስድብሽ የመጣና ተራ ሊይዝልሽ የመጣ ሰው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ቀርበሽ ንገሪያቸው።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ገበያተኛውን ሥራ ሳስጀምር ኮሪደሩ ላይ ባለው የተራ ሰሌዳ አጠገብ «ከእንግዲህ ተራ መጠበቅ ቀርቷል» ብዬ በደማቁ ለጥፌ ነበር። እኔ የምሥራች መስሎኝ ነው። ለእትዬ ሂሳብ ግን የመፈናቀያ ደብዳቤ ነበር።

9. በማግሥቱ ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። ለመቀመጥ ፈርቼ በር ላይ ስቆም «ግቢ፣ ሰው በቁሙ አይካሰስም» ብለው ወንበር ሰጡኝ። ተራው ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን ተረኩልኝ። ያኔ መስመሩ ጉልበት ላለው ነበር፤ ከላይ ፎቅ ስልክ ከተደወለ የታችኛው ፎቅ ሥራውን ያቆማል። የሠራተኛ ደመወዝ በዚያ ምክንያት ሲዘገይ ግን የሚወቀሱት እሳቸው ነበሩ። ስብሰባ በስብሰባ ተሟግተው ነው ሰኞን ያገኙት።

«ልጄ፣ ተራ ማለት የደካማ ጉልበት ነው» አሉኝ። «አንቺ ወጣት ነሽ፤ ሲፈጥን ደስ ይልሻል። እኔ ደግሞ የፈጠነ ነገር ማንን ገፍትሮ እንዳለፈ አያለሁ።»

ወደሚናገረው ክፍል አብረውኝ እንዲወርዱ ለመንኳቸው። ሹራብ ሠሪዋ የተፈተነችበት ማሽን ፊት አስቀምጫቸው ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። ጥቂት ጠብቀው «ይሄማ የተበላሸ ነው» አሉ። አልተበላሸም አልኳቸው፤ የንብረት ማሽን ነው፣ ተራው ረቡዕ ነው፣ ባለፈው ረቡዕ ደግሞ አልሞላለትም። በዚያ በኩል ጠበቃው ሰምቶ ኖሮ «እትዬ፣ ከሂሳብ የመጣው እዚህ ጎንዎ ነው፤ እሱ ወሬ ያውቃል» አላቸው። እትዬ ሂሳብ ዞር ብለው አዩት፤ ቀልዱ የት እንደነካቸው ገብቷቸዋል፤ አልተቆጡም። ማዳመጫውን ቀስ አድርገው አውልቀው ገመዱን ጠቀለሉና እዚህ ማን ነው የሚቀመጠው ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሹራብ ሠሪዋ ነገርኳቸው።

ደረጃውን ወጥተን የተራ ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ቆሙ። ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየወረዱ አነበቡት፤ ዓርብ ላይ ደርሰው ጣታቸው ባዶው ግድግዳ ላይ ቀረ።

«እሑድን ማን ይዞታል?»

ማንም አልያዘውም፣ ክቡር ኃላፊ። ቅዳሜ ሠልጣኞች ይገባሉ፤ እሑድ ግን ሕንፃው ዝግ ነው፤ መስመሩም ያለ ሥራ ነው የሚውለው። እኔ ይህን ያህል ጊዜ ከሰሌዳው ጋር ስጣላ ባዶ ቦታ እንዳለው አላየሁም ነበር። እሳቸው ተራን ስለሚያከብሩ አዩት።

10. ከዚህ በመነሳት በእኔና በእትዬ ሂሳብ መካከል የተደረሰበትን ስምምነት ለእርስዎ ውሳኔ አቀርባለሁ። ተራው አይሻርም፤ ገበያተኛውም እንደ አንድ ክፍል ተቆጥሮ እንደ ሰው ወረፋ ይይዛል። ስለሆነም፦

ሀ. የእገዳው ትእዛዝ ተነሥቶ ገበያተኛው ተመልሶ እንዲከፈት፤

ለ. በተራ ሰሌዳው ላይ ከዓርብ በታች «እሑድ — ገበያተኛው፣ ስለ ሁሉም» የሚል መስመር በእርስዎ ፊርማ እንዲጨመር፤

ሐ. እሑድ የመጣው ማሻሻያ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ በሂሳብ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ፣ እትዬ ሂሳብ «ደህና ነው» ሲሉ ብቻ ለሌሎቹ እንዲለቀቅ። ይህ ለይሉኝታ የገባ አይደለም፤ ሳይሞከር የተለቀቀ ማሻሻያ ሁሉንም ባንዴ ሊያሳምም ስለሚችል ቀድሞ የሚቀምስ ሰው ያስፈልጋል። ሰኞም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤

መ. የሚናገረው ክፍል አሥሩ ኮምፒውተሮች፣ የማንም ንብረት ይሁኑ የማን፣ በአንድ የአድራሻ ዝርዝር እንዲመሩ። የለጋሾቹ ስም ከግንባራቸው አይነሣም። ስሙን አልፈልገውም፤ ድምፁን ነው የምፈልገው።

የክፍሎቹን የተቀሩትን ቀናት በተመለከተ፣ ማሻሻያው ከውስጥ ስለሚገኝ መስመራቸው ለፈለጉት ሥራ ነፃ ይሆንላቸዋል። ወረቀት ቢደረድሩበት፣ ወሬ ቢያጣሩበት እኔ አልጠይቅም።

11. ጉዳዩ እንዲጠና መታዘዙን አከብራለሁ። ነገር ግን ፈተናው ጥናቱን አይጠብቅም። ገበያተኛው ሁሉንም ለማስተካከል አንድ እሑድና አንድ ሰኞ ይበቃዋል፤ ውሳኔዎ ከዚህ ሳምንት ካለፈ ግን ሹራብ ሠሪዋ ዕጣ የምታወጣው ከሚናገሩና ከማይናገሩ ማሽኖች መካከል ይሆናል። ለልጆቿ የገባችው ቃል በዕጣ እንዲወሰን ማናችንም የምንፈልግ አይመስለኝም። እሷ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልወተወተችኝም፤ ትዕግሥቷን አንድ ጊዜ ፈትነነዋል፣ ይበቃል።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። ሠልጣኞቹ የፊታችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ የሙከራ ፈተና አላቸው። መልስዎን በጽሑፍ ከመስጠትዎ በፊት ወደሚናገረው ክፍል ብቅ ቢሉልን ደስታችን ነው። ወንበር አለ። ጠበቃውም ሊያስተናግድዎ ቃል ገብቷል፤ ክርክር እንደማያነሣ ግን ዋስ አልሆንም። ሲመጡ እንደ ሁሉም ዕጣ ያውጡ፣ የደረሰዎት ማሽን ፊት ይቀመጡ፣ ማዳመጫውን ያድርጉ። ከተናገረ ዕድለኛ ነዎትና ይህን አቤቱታ ቢያቆዩት አልከፋም። ጭጭ ካለዎት ግን የቀረውን ያላልኩትን እሱ እየነገረዎት እንደሆነ ይቁጠሩልኝ፤ መልስዎንም እዚያው፣ ሹራብ ሠሪዋ እየሰማች፣ በቃል ይስጡን።

ተራዬን ጠብቄ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ በሙከራ ላይ

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ክፍል ኃላፊ (አይተውታል)
ለሚናገረው ክፍል ሠልጣኞች (ከሂሳብ በመጣው ማሽን ይነበብላቸዋል)